በያጁ ከሄደ በኋላ ስላለችው አንድ ሰዓት

ለባሕር ዳር ከተማ አስተዳደር፣ በግንባታ ፈቃድና ክትትል ሥራ ላይ ለተመደባችሁ ኃላፊዎች
ለከተማችን የሕንፃ ተቋራጮች፣ አማካሪ መሐንዲሶችና የሕንፃ ባለቤቶች

ጉዳዩ፦ በግንባታ ቦታዎች በብየዳና በብረት ቆረጣ ጊዜ ሊደረግ ስለሚገባው የእሳት ጥንቃቄ

የተከበራችሁ ኃላፊዎችና ባለሙያዎች፤

ይህን ደብዳቤ የምጽፍላችሁ ከሃያ ዓመት በላይ በባሕር ዳር በብየዳ እንጀራ የበላሁ፣ አሁንም ከሥራው ሳልወጣ ወጣቶችን የማሠለጥን ሰው ነኝ። የምጠይቀው አንድ ነገር ነው፤ በማንኛውም የግንባታ ቦታ ብየዳ ወይም የብረት ቆረጣ ካበቃ በኋላ ቢያንስ ለአንድ ሰዓት ቦታውን የሚጠብቅ፣ ስሙ በመዝገብ የሰፈረ፣ የሚከፈለውም የታወቀ ሰው እንዲኖር፤ ይህም በደግነት የሚደረግ ሳይሆን በውልና በግንባታ ፈቃድ የሚጣል ግዴታ እንዲሆን ነው። ስለ ሌላውም ጥንቃቄ የምለው አለኝ፤ ይሁን እንጂ ሁሉም ዞሮ ዞሮ ወደዚች አንድ ሰዓት ይመለሳል።

ከተማችን በምን ፍጥነት እየተገነባች እንደሆነ ለእናንተ መንገር አያስፈልግም። ከአዲሱ የዓባይ ድልድይ ወዲህም ወዲያም፣ በጣና ዳርም ሆነ በውስጥ ለውስጥ መንገዶች፣ አጣና ተደግፎለት የቆመ ሕንፃ የሌለበት ሰፈር ማግኘት ያስቸግራል። ስለ ግንባታ አደጋ ሲነሣ ሁላችንም ቶሎ የሚታየን ከፎቅ መውደቅና የአፈር መደርመስ ነው፤ እሳት የሚታሰበን ሕንፃው አልቆ ሰው ከገባበት በኋላ ነው። እኔ በሥራ ዘመኔ ያየሁት ግን ሌላ ነው። ሕንፃው ገና ኮንክሪት በሚሞላለት ጊዜ የሚቃጠለው ነገር ከፎርምወርኩ (ኮንክሪቱ ከሚሞላበት የእንጨት ቅርጽ) እና ከመወጣጫው እንጨት እምብዛም አያልፍም፤ ብየዳውም ጥቂት ነው። ብየዳው የሚበዛው ሕንፃው ሊያልቅ ሲል ነው። የደረጃው መደገፊያ፣ የበረንዳው ብረት፣ የበሩና የመስኮቱ ፍሬም የሚበየደው ሌሎቹ በሮች በካርቶን ተጠቅልለው፣ ቺፕውዱ ተደርድሮ፣ የቀለሙና የቲነሩ ቆርቆሮ በየክፍሉ ተቀምጦ፣ የኤሌክትሪኩ ገመድ ተዘርግቶ ባለበት ሰዓት ነው። በዚያ ላይ ባለቤቱ ርክክቡን ያጣድፋል፤ ቀለም ቀቢውና በያጁም በአንድ ክፍል ውስጥ ጀርባ ለጀርባ ተሰጣጥተው ይሠራሉ።

የራሴን ጥፋት አስቀድሜ ልናገር። ከዓመታት በፊት በአንድ ባለ አራት ፎቅ ሕንፃ ሦስተኛው ፎቅ ላይ የደረጃ መደገፊያ እበይድ ነበር። ወሩ መጋቢት ነው። ከአጠገቤ ያለውን እንጨትና ካርቶን ሁሉ አስጠርጌያለሁ፤ ጥንቁቅ ነኝ ብዬም አስብ ነበር። ከቆምሁበት ሁለት እርምጃ ያህል ራቅ ብሎ ግን የቧንቧ መውረጃ ክፍተት ነበር፤ ስፋቱ ከሁለት መዳፍ አይበልጥም፤ አፉ ላይ ባዶ የሲሚንቶ ከረጢት ጣል ተደርጎበታል። 11 ሰዓት ተኩል ላይ ማሽኑን ነቅዬ፣ ኬብሉን ጠቅልዬ ዙሪያዬን አየሁ። ጭስ የለም፤ ሽታውም ያው የብየዳ ሽታ ነው። ወደ ቤቴ ሄድሁ። የሌሊት ጥበቃ የነበሩት አባት ጭሱን ያዩት ከምሽቱ 2 ሰዓት ገደማ ነው። ክፍተቱ በሚያርፍበት የምድር ቤት ክፍል ባዶ ከረጢትና የበር ማሸጊያ ካርቶን ተከምሮ ኖሯል። እሳቸው ክምሩን በእጃቸው እየጎተቱ ወደ ውጭ አወጡ፤ ጎረቤት ደርሶ በጀሪካን ውኃ እያመላለሰ አጠፋው። የሞተ ሰው የለም። የእኒያ አባት ቀኝ መዳፍ ግን ተቃጥሎ ለረጅም ጊዜ ዱላ እንኳ መጨበጥ አልቻለም።

በማግሥቱ ጧት ሄጄ ያንን ክፍተት በባትሪ ሳየው፣ ከጤፍ ፍሬ እስከ ሽምብራ የሚያካክሉ ጥቋቁር የብረት ጠብታዎች እስከ ታች ድረስ በግድግዳው ላይ ተጣብቀዋል። አፉ ላይ የነበረው ከረጢት አምስት ስድስት ቦታ ላይ ተበስቷል፤ ቀዳዳዎቹ ዙሪያቸው ጠቁሮ ክብ ክብ ሆነዋል። እኔ ዙሪያዬን ነበር ያየሁት፤ ከእግሬ በታች ያለውን ሦስት ፎቅ አላየሁም።

ነገሩ እንግዳ ሊሆንብን አይገባም ነበር። እናቶቻችን ማታ ፍሙን በአመድ ዳፍነው፣ ጧት ገለጥ አድርገው በጭራሮ ሲያቀጣጥሉት እያየን ያደግን ነን። የመጋዝ ብናኝ፣ ያረጀ ኬሻ፣ የተከመረ ወረቀትና ቺፕውድ ለብየዳ ጠብታ እንደዚያ አመድ ናቸው፤ ፍሙን ደብቀው ያቆዩታል። የብየዳ ቅስት፣ ማለት በብየዳው ዘንግና በብረቱ መካከል የሚፈጠረው የኤሌክትሪክ እሳት፣ ሙቀቱ ከ3,000 ዲግሪ ሴልሺየስ በላይ ነው፤ ብረት የሚቀልጠው 1,500 ዲግሪ አካባቢ ሲሆን፣ ወረቀትና ደረቅ እንጨት ግን ከ200 እስከ 300 ዲግሪ በሚደርስ ሙቀት መያያዝ ይጀምራሉ። ስለዚህ ጠብታው መንገድ ላይ ብርሃኑን ቢያጣና ዓይን ባያየው እንኳ ለወረቀት የሚበቃ ሙቀት ይዞ ያርፋል። ካረፈም በኋላ ወዲያው አይነድድም፤ ለብዙ ደቂቃዎች፣ አንዳንዴም ለሰዓታት ያለ ነበልባል ውስጥ ለውስጥ ይበላል። ነበልባሉ ብቅ በሚልበት ሰዓት በያጁ እራቱን እየበላ ነው። በእኔም ላይ የሆነው ይኸው ነው።

ብልጭታ ወደ ታች ብቻ ሳይሆን ወደ ጎንም ይሄዳል። በሙያው ዘንድ ለረጅም ጊዜ የተሠራበት መለኪያ 11 ሜትር ነው፤ በዚያ ርቀት ውስጥ ያለ የሚቃጠል ነገር ሁሉ ይነሣል፤ ሊነሣ ያልቻለው እሳት በማይበላው ነገር ይሸፈናል፤ በወለልና በግድግዳ ላይ ያለ ክፍተትም ይደፈናል። ግራይንደር (የብረት መቁረጫና መሞረጃ ማሽን) ለሚይዙ ልጆች ይህን ስነግራቸው ይስቃሉ፤ የግራይንደር ብልጭታ ጨዋታ ይመስላቸዋልና። የ11 ሜትሩ ልክም የወጣው ከፍ ያለ ነፋስ በሌለበት ነው። እኛ ደግሞ በሐይቅ ዳር ነን። ከቀትር በኋላ ከጣና የሚነሣው ነፋስ በከፍታ ላይ ላለ በያጅ ምን እንደሚያደርግበት አራተኛ ፎቅ ላይ መነጽር አድርጎ የቆመ ሁሉ ያውቀዋል፤ በአጣና መወጣጫችን ላይ ለአቧራ መከላከያ ተብሎ የሚጋረደው ኬሻና ላስቲክም ከጥቅምት ጀምሮ እየደረቀ፣ ሚያዝያ ላይ ሲደርስ እንደ ጭራሮ ነው።

ይህን የምለው ለማስፈራራት አይደለም። በኅዳር 6 ቀን 2003 ዓ.ም. በቻይናዋ ሻንጋይ ከተማ ሰዎች እየኖሩበት እድሳት ይደረግለት የነበረ ባለ 28 ፎቅ መኖሪያ ሕንፃ ሲቃጠል 58 ሰዎች ሞተዋል፤ መነሻው የሙያ ፈቃድ የሌላቸው በያጆች ብልጭታ ነበር፤ እሳቱንም ሕንፃውን የከበበው መወጣጫ፣ መረቡና ለሙቀት መከላከያ የተለጠፈው አረፋ ወዲያው ተቀብለው ወደ ላይ አወጡት። በእኛ መወጣጫ ላይ የናይለኑን መረብ ኬሻ፣ የቀርከሃውን ርብራብ አጣና ተክቶታል እንጂ ነገሩ ያው ነው። ከዚያ በፊት በሚያዝያ 3 ቀን 1988 ዓ.ም. በጀርመን ዱሰልዶርፍ አውሮፕላን ማረፊያ ከተርሚናሉ በላይ ባለው መንገድ ላይ ብየዳ ይካሄድ ነበር፤ ጠብታው በመንገዱ መጋጠሚያ በኩል አልፎ ከታች ባለው ኮርኒስ ውስጥ የነበረውን የአረፋ መከላከያ አያያዘውና 17 ሰዎች ሕይወታቸውን አጡ። በያጆቹ ከላይ ናቸው፤ እሳቱ ከታች ነው፤ በመካከላቸው ወለል አለ። በታላቅ አውሮፕላን ማረፊያ የሆነው በእኔ የቧንቧ ክፍተት ከሆነው የሚለየው በስፋቱ ብቻ ነው።

ታዲያ ለምን ማንም አይቆይም? መልሱ የስንፍና ጉዳይ አይደለም። በያጁ የሚከፈለው በሜትር ወይም በቁርጥ ነው፤ ካበቃ በኋላ የሚቆምባት ሰዓት የማንም ሒሳብ ውስጥ የለችም። የቀን ሠራተኛው 11 ሰዓት ተኩል ላይ እጁን ታጥቦ ይወጣል። ፎርማኑ የነገውን አሸዋና ሲሚንቶ በስልክ ያሯሩጣል። የሌሊት ጥበቃው የሚመጣው ሁሉም ከሄደ በኋላ ነው፤ በዚያ ቀን የት ፎቅ ላይ እንደተበየደ የሚነግረው የለም፤ ቁልፉን ብቻ ይረከባል። በሌላ አነጋገር አደጋው ከፍ በሚልባት ሰዓት ሕንፃው ውስጥ ያለው ብቸኛ ሰው ስለ አደጋው ምንም የማያውቀው ሰው ነው። መዳፋቸው የተቃጠለው አባት ድነው ወደ ሥራ ከተመለሱ በኋላ በሩ ላይ ቆመው፣ «ልጄ፣ ዛሬ የት የት በየዳችሁ?» ሳይሉኝ አልወጣም ነበር። ሥርዓቱን ያወጡት እሳቸው ናቸው ማለት እችላለሁ።

የአሜሪካ ብሔራዊ የእሳት መከላከያ ማኅበር ለብየዳና ለቆረጣ ባወጣው ደንብ የጥበቃው ጊዜ ለብዙ ዓመታት ግማሽ ሰዓት ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ2019 በወጣው እትም ወደ አንድ ሰዓት ከፍ ተደርጓል። እኔም አንድ ሰዓት የምለው ከዚህ ተነሥቼ ነው። ይህም ከሥራ ሰዓታችን ጋር ሊገጥም የሚችለው ብየዳና ቆረጣ ከቀኑ 10 ሰዓት ላይ ሲቆም ነው፤ ያኔ የጥበቃዋ ሰዓት የቀን ሠራተኛው ከሚወጣበት በፊት ታልቃለች፤ ያችን ሰዓት የጠበቀው ተረኛም የሌሊቱን ጥበቃ የተበየደበት ቦታ ድረስ ወስዶ አሳይቶ ለማስረከብ ጊዜ ይተርፈዋል። በያጆች በዚህ እንደሚያጉረመርሙ አውቃለሁ፤ እኔም ከእነሱ አንዱ ነበርሁ። ከማለዳው 2 ሰዓት ፈንታ ከ1 ሰዓት ተኩል መጀመር ይቻላል፤ ነፋሱም ጧት ይሻላል።

ለኃላፊዎችና ለአማካሪ መሐንዲሶች ይህን ላንሣ። በከተማችን ደንበኛ በሆነ የግንባታ ቦታ ተቆጣጣሪው መሐንዲስ ፌሮውን ቆጥሮ፣ ፎርምወርኩን አይቶ ሳይፈርም ኮንክሪት አይሞላም። ተቋራጩ ጥያቄውን በጽሑፍ ያቀርባል፤ መሐንዲሱ ወጥቶ ያያል፤ ይፈርማል፤ ወረቀቱ በፋይል ይቀመጣል። ይህን ሁላችንም ለምደነዋል፤ ያለ ፊርማ የሞላ ተቋራጭ እንዲያፈርስ ሲታዘዝም አይተናል። ለብየዳ ግን እንዲህ ያለ ወረቀት የለም። አንድ ገጽ ይበቃል፤ የት ፎቅና የት ክፍል እንደሚበየድ፣ ከስንት ሰዓት እስከ ስንት ሰዓት፣ በ11 ሜትር ውስጥ ያለው የሚቃጠል ነገር ስለመነሣቱ፣ ክፍተቶች ስለመደፈናቸው፣ ከታች ያለውን ፎቅ ማን ወርዶ እንዳየ፣ ውኃና አሸዋ የት እንደተቀመጠ፣ የጥበቃ ተረኛው ማን እንደሆነና በስንት ሰዓት ፈርሞ እንደወጣ። ፈቃዱ ለዚያ ቀንና ለዚያ ቦታ ብቻ ይሁን፤ ለወር የተፈረመ ወረቀት በግድግዳ ላይ የሚሰቀል ጌጥ ከመሆን አያልፍም።

ሌላው ቁም ነገር ገንዘቡ ነው። የተረኛው የሰዓት ክፍያ በውሉ የሥራ ዝርዝርና የዋጋ ሰንጠረዥ ውስጥ ለብቻው በአንድ መስመር ካልሰፈረ፣ ተቋራጩ ከትርፉ ቀንሶ ይከፍላል ብሎ መጠበቅ ራስን ማታለል ነው። የአንድ የቀን ሠራተኛ የአንድ ሰዓት ዋጋ ከአንድ ኩንታል ሲሚንቶ ጋር አይነጻጸርም። በሰንጠረዡ ከሰፈረ ግን ተቆጣጣሪው ይለካዋል፤ ያልተሠራው አይከፈልም፤ ስለዚህ ይሠራል። ሕጉም ቢሆን ከዚህ ጎን ነው፤ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አሠሪው የሠራተኞቹን ደኅንነትና ጤንነት ለመጠበቅ አስፈላጊውን እርምጃ እንዲወስድና ስለ ሥራው አደጋ እንዲያሳውቃቸው ያስገድዳል። ያ ግዴታ በሥራ ቦታ ላይ መልክ እንዲይዝ የሚያደርገው እንዲህ ያለው መስመር ነው።

ስለ ጋዝ በአጭሩ ለማለፍ አልችልም፤ እዚህ ላይ የማየው ልማድ ያስጨንቀኛል። ብዙ ትናንሽ ቆራጮች ብረት የሚቆርጡበትን ጋዝ፣ አሲታይሊኑን፣ በሲሊንደር አይገዙም፤ ካርባይድ በውኃ ላይ ጨምረው በራሳቸው ዕቃ ያመርቱታል። ካርባይድ ውኃ በነካው ቁጥር ጋዝ ይለቃል፤ እንደኛ ባለ ክረምቱ ኃይለኛ በሆነ ከተማ ክዳኑ በላላ ቆርቆሮ፣ ጣሪያው በሚያፈስ መጋዘን ማስቀመጥ ማለት በየዝናቡ ጋዝ ማምረት ማለት ነው። አሲታይሊን ከክፍሉ አየር 2.5 በመቶ ያህሉን ብቻ ሲይዝ ሊቀጣጠል ይችላል፤ ስለዚህ ለምሳ ሲወጣ ቱቦውን ሳይዘጋ የተወ ሰው ከምሳ መልስ የሚያበራት ክብሪት ክፍሉን ልታፈርሰው ትችላለች። ካርባይድ ባለበት ክፍል እሳት ቢነሣም ውኃ መርጨት እሳቱን መመገብ ነው፤ ደረቅ አሸዋ እንጂ። ሲሊንደር ያላቸው ደግሞ አሲታይሊኑን ሁልጊዜ ቆሞ እንጂ ተጋድሞ እንዳያሠሩት፣ ሲከማችም ከኦክስጅኑ 6 ሜትር ያህል እንዲያርቁት፣ የኦክስጅኑን መክፈቻ በግራሶ በተነካ እጅ እንዳይነኩት አሳስባለሁ። ሙቀት በበረታበት ቀን ኦክስጅን ወደ ደረታቸው እየነፉ የሚቀዘቅዙ ልጆችን በዓይኔ አይቻለሁ፤ ኦክስጅን የጠጣ ቱታ በአንዲት ብልጭታ እንደ ችቦ ይነዳል።

በርሜሉም አለ። በየግንባታው ቦታ ውኃ የሚጠራቀመው ነዳጅ፣ ዘይት ወይም ቲነር ይዞ በነበረ በርሜል ነው፤ ክዳኑን የሚቆርጡት ደግሞ በግራይንደር ወይም በጋዝ ነው። ባዶ የሚባለው በርሜል ባዶ አይደለም፤ ፈሳሹ ቢያልቅም ትነቱ አለ፤ ከሙሉው በርሜል ይልቅ ባዶው የሚፈነዳበት ጊዜ የሚበዛውም ትነቱ ከአየር ጋር ስለሚቀላቀል ነው። ታጥቦ፣ እስከ አፉ አጠገብ ድረስ ውኃ ተሞልቶ፣ ከውኃው መስመር በላይ በመሮና በመዶሻ ቢከፈት ይሻላል። ከሁሉም ይልቅ ምን እንደያዘ የማይታወቅ በርሜል ባይቆረጥ እመርጣለሁ። በሐይቁ ዳር የብረት ጀልባ የሚጠግኑ ባልደረቦቼም የነዳጅ ታንከሩን ሳያወርዱ እንዳይበይዱ በዚሁ አጋጣሚ እለምናቸዋለሁ።

ከጣና አጠገብ ሆነን ስለ ውኃ እጥረት መናገር ያሳፍራል፤ ነገር ግን ሐይቁ ለአራተኛው ፎቅ ቅርብ አይደለም። ብዙ ግንባታዎች ላይ መስመሩ ገና አልገባም፤ የቦቴው ውኃም ምድር ላይ ነው። በሚበየድበት ፎቅ ላይ ራሱ አንድ የተሞላ በርሜል፣ ሁለት ባልዲ፣ አንድ ክምር አሸዋና አካፋ ቢኖር እጅግ ይረዳል። የእሳት ማጥፊያ ሲሊንደርም ያስፈልጋል፤ ሆኖም ትንሹ ሲሊንደር ግማሽ ደቂቃ እንኳ ሳይቆይ ባዶ ስለሚሆን፣ አንዱን ቢሮው በር ላይ ሰቅሎ ግዴታዬን ተወጣሁ ማለት አይበቃም። ሳይቃጠል በቅጠል ይባላል፤ ቅጠሉ ግን ራሱን ችሎ አይሄድም፤ ይዞት የሚቆም ሰው ያስፈልገዋል።

ከከተማ አስተዳደሩ የምጠይቀው እንግዲህ ይህ ነው። የግንባታ ፈቃድ ሲሰጥ የብየዳ ፈቃድ ወረቀትና የአንድ ሰዓት ጥበቃ ከፈቃዱ ግዴታዎች አንዱ ተደርጎ ይጻፍ፤ የክትትል ባለሙያዎች ወደ ግንባታ ቦታ ሲወጡ ከፌሮው ጋር የዚያን ቀን የብየዳ ወረቀትም ይጠይቁ፤ ከተማው ራሱ በሚያስገነባቸው ሕንፃዎች ውል ላይ የተረኛው ክፍያ በዋጋ ሰንጠረዡ ይግባ። የመጨረሻው ከሁሉ ቀላሉ ይመስለኛል፤ የመንግሥት ሥራ ላይ ከተለመደ የግሉ ተከትሎ ይመጣል። ከአማካሪ መሐንዲሶች የምጠይቀው በያጁ ከሚሠራበት ፎቅ ይልቅ ከበታቹ ያለውን ፎቅ እንዲያዩ ነው። ባለቤቶች ደግሞ ለርክክብ በሚያጣድፉበት በዚያ የመጨረሻ ወር ቀለም ቀቢውንና በያጁን በአንድ ክፍል አያስገቡ።

ትንሽ ብየዳ ቤት ያላቸው፣ በቀን ሥራ የሚተዳደሩ ባልደረቦቼ ይህ ሁሉ ወረቀት ከሥራ እንዳያስወጣቸው ሊሰጉ ይችላሉ። ስጋታቸው ተገቢ ነው። ስለዚህ ወረቀቱን የመሙላት ግዴታ በተቋራጩና በተቆጣጣሪው ላይ እንጂ ማሽኑን ተሸክሞ ለሁለት ቀን ሥራ በሚመጣው በያጅ ላይ እንዳይወድቅ አደራ እላለሁ፤ የእሱ ድርሻ ፈቃዱን ሳያይ ማሽኑን አለመሰካት ይሁን። ለሠልጣኞቼ የማስሞላው አንድ ገጽ ቅጽ አለኝ፤ በእጅ የተሰመረ ቢሆንም ሥራ ላይ የዋለ ነው። ኃላፊዎቹ በፈለጉት የሥራ ቀን ይዤ ለመቅረብና፣ ከተፈቀደልኝም በአንድ የግንባታ ቦታ ላይ ከጧት እስከ 11 ሰዓት ቆሜ አሠራሩን ለማሳየት ዝግጁ ነኝ።

ከአክብሮት ጋር
በባሕር ዳር ከተማ ነዋሪ የሆነ በያጅና የብየዳ አሠልጣኝ